ፊልሙ ውስጥ እኛ የት ነን?

(በማኅበራችን የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



የበዓሉ ኮሚቴ «እናንተ ባለ ሱቆች ስለ ፊልም አንድ ነገር በሉ» ሲለን ሳቅን። የፊልም ትምህርት የለንም። ይሁን እንጂ በገዳሪፍ ገበያ ሱቅ ያለው ሐበሻ ሁሉ ሲኒማ ቤት ያለው ያህል ነው። ቴሌቪዥኑ ከመደርደሪያው በላይ ተሰቅሏል፤ ስኳር ልትገዛ ብቅ ያለችው እኅታችን የፊልሙን ግማሽ አይታ ትሄዳለች። ከአገር ቤት በቪዲዮ ካሴት፣ ኋላም በሲዲ ይመጣልን የነበረው ዛሬ በስልክ ከዩቲዩብ ይወርዳል። ስለዚህ የምንናገረው እንደ ተመልካች ነው።

በመጀመሪያ ምስጋና እናቅርብ። የአማርኛ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው» ተብሎ በ1957 ዓ.ም. ሲጀመር ሥራው ከባድና ውድ ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የወጡትን ፊልሞች በጣት መቁጠር ይቻላል። በ1990ዎቹ የቪዲዮ ካሜራ ገብቶ እነ «ቀዝቃዛ ወላፈን» ሲታዩ ግን በሩ ተከፈተ። ያ በር ለእኛም ጠቅሞናል። እዚህ ተወልደው በዐረብኛ የሚማሩት ልጆቻችን አማርኛን የሚያገኙት ከሁለት ቦታ ነው፤ ከእናታቸው አፍና ከፊልም። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሲጀምርማ ቱርኩ ሁሉ አማርኛ ተናጋሪ ሆነ! የአገር ቤት የኪነ ጥበብ ሰዎች ገበያችን ተወሰደ ብለው ቅሬታ ማሰማታቸው እውነት አለው። በእኛ ቤት ግን ልጆቹ ከእነዚያ ድራማዎችም ቃል ለቅመዋል።

ምስጋናው ይህ ነው። አሁን ወደ ወቀሳችን እንሂድ።

ያየናቸው ብዙዎቹ የአማርኛ ፊልሞች አንድ ዓይነት ናቸው። ቦሌ አካባቢ ቪላ አለ፣ መኪና አለ፣ ሀብታም ልጅና ድሃ ልጅ ይዋደዳሉ፣ በመጨረሻው ሠርግ ይሆናል። የገጠር ሰው የሚገባው ለማሳቅ ነው። ከሁሉ የሚገርመን ደግሞ ከውጭ የሚመለሰው ሰው ነው። ሁልጊዜ ከአሜሪካ፣ ሁልጊዜ በአውሮፕላን ነው። ሰሊጥ አርሞ፣ ማሽላ አጭዶ፣ ገንዘቡን በወገቡ አስሮ በመተማ በኩል በእግሩ የሚመለስ ሰው ባየናቸው ውስጥ አላገኘንም። በየክረምቱና በየበጋው ይህን መንገድ የሚመላለሰው ወገናችን እጅግ ብዙ ሆኖ ሳለ ለፊልም የሚበቃ ታሪክ የሌለው ይመስላል።

ሁሉንም ግን በአንድ ሙቀጫ አንወቅጥም። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ ተሸልሟል፤ በ2009ም የአፍሪካን ትልቁን የፊልም ሽልማት በዋጋዱጉ ወስዷል። ጀርመን ተምሮ የመጣው አንበርብር በጣና አካባቢ ወዳለ መንደሩ ሲመለስ፣ ለውትድርና የሚታደኑ ልጆች በዋሻ ተደብቀው ያገኛል። በዚያ ዘመን ከአርማጭሆና ከቋራ ሌሊት ሌሊት ተጉዘን ገላባት የገባን ሰዎች ይህን ስናይ ዝም ብለን ተቀመጥን። ልጆቻችን «አባባ፣ እውነት እንዲህ ነበር?» አሉ። ጥሩ ፊልም ማለት ለእኛ ይህ ነው፤ ልጅ አባቱን እንዲጠይቅ ያደርጋል። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ»ም እ.ኤ.አ. በ2015 ካን የደረሰው በአንድ ትንሽ ልጅና በበጉ ታሪክ ነው። እናቱ ሞታ፣ አባቱ ዘመድ ጋ ትቶት ሥራ ፍለጋ ይሄዳል። ይህ በየቤታችን ያለ ታሪክ ነው።

አሁን ወደዚህ ወደምንኖርበት ምድር እንምጣ። ስለ ገዳሪፍ ፊልም ተሠርቷል? ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 በኔትፍሊክስ የወጣው «ዘ ሬድ ሲ ዳይቪንግ ሪዞርት» የሚናገረው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ቤተ እስራኤላውያን ወገኖቻችን ከዚህ አካባቢ ካምፖች ወደ ቀይ ባሕር እየተወሰዱ ስለ ወጡበት ሥራ ነው። ታሪኩ እውነተኛ መሠረት አለው። ግን ፊልሙ የተቀረጸው በናሚቢያና በደቡብ አፍሪካ ነው። ፊት ለፊት የሚታየው የካፒቴን አሜሪካው ክሪስ ኢቫንስ ነው፤ የእኛ ሰው በጭነት መኪና ተጭኖ ከኋላ ይታያል። ስንት ቀን በእግሩ እንደ መጣ፣ በመንገድ ማንን እንደ ቀበረ አንሰማም።

እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው «ሂድ፣ ኑር፣ ሁን» የተባለው የራዱ ሚሃይሌአኑ ፊልም ይሻላል። በ1984 በሱዳን ካምፕ ያለች ክርስቲያን እናት ልጇን ለማዳን ከቤተ እስራኤላውያን ጋር ትልከዋለች። የእናቲቱን ፊት ያየ አይረሳውም። እሱም ቢሆን ከልጁ ጋር ወደ እስራኤል ይበራል። እዚህ የቀሩት እነማን ናቸው? ኡም ራኩባና ተዋዋ የሚሉትን ስሞች በመካከላችን የማያውቅ የለም። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 እ.ኤ.አ. በዘመቻ ሙሴ ወደ 8 ሺህ ሰው ከሱዳን ሲወጣ፣ በእነዚያ ካምፖች ብዙ ሺህ ሰው በበሽታና በረሀብ አልቆ ነበር። ያው ኡም ራኩባ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከትግራይ ጦርነት ለሸሹት እንደገና ተከፈተ። በ36 ዓመት ልዩነት በዚያው መሬት ላይ እንደገና ድንኳን ሲተከል ያዩ ሰዎች አሉ። ይህን ፊልም ማን ይሥራው?

ጎረቤቶቻችን ሱዳኖች በዚህ ረገድ አስተምረውናል። እ.ኤ.አ. በ2019 «ቶኪንግ አባውት ትሪስ» የተሰኘው ፊልም አራት ሽማግሌ የፊልም ሠሪዎች በኦምዱርማን የተዘጋ ሲኒማ ቤት ለመክፈት ሲለፉ ያሳያል። የመሐመድ ኮርዶፋኒ «ጉድባይ ጁሊያ» ደግሞ በካርቱም ጦርነት ከተነሣበት ከሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. አንድ ወር ያህል በኋላ በካን ታየ። ሞና የምትባል የሰሜን ሴት በእሷ ጥፋት ሰበብ ባሏ የሞተባትን የደቡብ ሴት ጁሊያን፣ እውነቱን ደብቃ፣ ቤቷ ሠራተኛ አድርጋ ታስገባታለች። በሰው ቤት ሠርተው ቤተሰብ ያሳደጉ እኅቶቻችን ይህን ፊልም ያለ ትርጉም ይረዱታል። ሱዳናዊው የራሱን አገር ኃጢአት በራሱ አፍ ተናገረ፤ ዓለምም አከበረው። ያገሩን ሠርዶ ባገሩ በሬ ማለት ይህ አይደለምን?

ወገኖቻችን፤ እኛ ኃይሌ ገሪማን አንሆንም። ካሜራ ግን በየኪሳችን አለ። ካርቱም የነበሩ ዘመዶቻችን ከጦርነቱ ሲወጡ ፎቶና ሰነዳቸውን ጥለው ነው የመጡት። ከማኅበራችንም ብዙዎች በመተማ በኩል ገብተዋል፤ ግብፅ የተሻገሩም አሉ። አረጋውያኑ ከእኛ እየተለዩ ነው፤ አንድ ሽማግሌ ሲቀበር አንድ ያልተሠራ ፊልም አብሮ ይቀበራል።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ከዚህ በዓል በኋላ እያንዳንዱ ቤት አንድ አባት ወይም አንዲት እናት በስልክ ይቅረጽ። ጠያቂዎቹ ልጆች ይሁኑ፤ የሚጠይቁትም በአማርኛ። ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ ከየት ተነሡ? በየት በኩል ተሻገሩ? መጀመሪያ ውሃ ያጠጣዎ ማነው? ሦስተኛውን ጥያቄ የጨመርነው በብዙዎቻችን ታሪክ ውስጥ መልሱ ሱዳናዊ ገበሬ ስለሆነ ነው። ኮሚቴው ቅጂውን ይሰብስብ፤ አንዱ እዚህ፣ ሌላው አገር ቤት ይቀመጥ። አንድ ቀን የፊልም ባለሙያ ቢመጣ ባዶ ቤት አያገኝም። ባይመጣም ልጆቻችን ያዩታል። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ!

ፈጣሪ ለአገራችን ለኢትዮጵያና ላስጠጋችን ለሱዳን ሰላም ያውርድልን።