ድምፃችን ሲቆጠር



እኛ የለንደን ሙስሊሞች የምርጫ ሰሞን ወግ አዲሳችን አይደለም። ፖለቲከኞቹ ከጁሙዓ በኋላ በር ላይ ይጨብጡናል፣ ሳምቡሳችንንም ይበላሉ። ከምርጫው በኋላ ለደብዳቤያችን የሚመጣው መልስ ግን ሁሌም አንድ ዓይነት ነው።

እስቲ ሂሳቡን እንየው። በ2024 ሌበር ፓርቲ 34 በመቶ ገደማ ድምፅ አግኝቶ ከ650 መቀመጫ 411ዱን ወሰደ። በየምርጫ ክልሉ አንደኛ የወጣው ይጠቀልላል፤ የተቀረው ሰው ድምፅ ሜዳ ላይ ይቀራል። በ2011 ይህን ለመለወጥ ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ 68 በመቶው «አይሆንም» አለ። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ከእኛም ብዙዎቻችን ያን ቀን ከቤት አልወጣንም።

ወንበሩ የማይነቃነቅበት ሰው ስለ መብታችን ለምን ይጨነቃል? የ2000ው የፀረ ሽብር ሕግ ሰባተኛ አባሪ፣ ፖሊስ ኤርፖርት ላይ መንገደኛን ያለ አንዳች ጥርጣሬ እስከ 6 ሰዓት ይዞ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። አልመልስም ማለት ራሱ ወንጀል ነው። ከዑምራ ስንመለስ ልጆቻችን ፊት ተይዘናል፤ ስልካችን ተወስዷል።

ቅዳሜ ከዐስር ሶላት በኋላ የፓርላማ ተወካያችን እዚሁ ይመጣሉ። ሳምቡሳው ይቆይ። አስቀድመን ስለዚህ አባሪ እንጠይቃቸው፤ መልሱንም በጽሑፍ እንቀበል።