«ትንሽ ደክሞህ ተራመድ»፦ ፊልም በፊልም ላይ ሲስቅ

እንደ ሁልጊዜው ከአሽዶድ፣ ከሮቫ ዩድ-አሌፍ ነው የማወራችሁ። መስኮቱን ዘግቻለሁ፤ የኳስ ድምፅ ከመጣባችሁ የጎረቤት ልጆች ናቸው፣ እነሱን የሚያስቆም የለም። የዛሬው ክፍል በአማርኛ ነው። ጽሑፉን ድረ ገጻችን ላይ ታገኙታላችሁ፤ ለእናት ለአባቶቻችሁ አንብቡላቸው። የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።

የዛሬው ጉዳያችን አንድ ዓይነት ኮሜዲ ነው፦ ፊልም ሆኖ በፊልም ሰሪዎች ላይ የሚያላግጥ ፊልም። ባማዩን፣ ፕሮዲውሰሩን፣ ኦዲሽኑን፣ ራሱን በመስታወት አይቶ የማይጠግበውን ተዋናይ፣ ሁሉንም ያላግጥባቸዋል። ብዙ ሰው «የነሱ የቤት ውስጥ ጨዋታ ነው፣ እኛ ምን አገባን?» ይላል። እኔ ግን ከማንም በላይ የሚያገባው እኛን ነው እላለሁ። ማን ጀግና ይሁን፣ ማን ከኋላ ይቁም፣ ማን ይናገር፣ ማን ዝም ብሎ ያልቅስ ብሎ የሚወስን ሰው አለ። ያንን ሰው ከካሜራው ኋላ ጎትቶ ፊት ለፊት የሚያቆመው ይሄ ቀልድ ነው።

ነገሩ ደግሞ ለኛ አዲስ አይደለም። አዝማሪን አስቡት። ማሲንቆውን ይዞ ድግስ ቤት ይገባል፣ የባለቤቱን ጠጅ ይጠጣል፣ ከዚያ እዚያው ፊቱ ቆሞ በሰሙ እያሞገሰ በወርቁ ስስቱን ይነግረዋል። ሰው ይስቃል፣ ባለቤቱም ይስቃል፣ ብሩንም አውጥቶ ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። ልብ በሉ፦ ጎበዝ አዝማሪ የሚነካው ደጋሹን ነው እንጂ በር ላይ የቆመውን ምስኪን አይደለም። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እንፈልጋታለን።

አሁን ወደዚህ አገር ፊልም እንምጣ። በ1964 «ሳላህ ሻባቲ» የሚባል የኤፍራይም ኪሾን ኮሜዲ ወጣ። ማዓባራ ውስጥ ስለሚኖር፣ ብዙ ልጆች ስላሉት ምዝራሂ አባት ነው። አባትየውን የተጫወተው ማን ነው? ሃይም ቶፖል። የቴል አቪቭ ልጅ፣ አሽኬናዚ፣ ያኔ ገና ሰላሳ ዓመት ያልሞላው። ፊልሙ ለኦስካር እስከ መታጨት ደረሰ። ሳላህ ራሱን መጫወት አልቻለም ማለት ነው፤ ሌላ ሰው ተጫወተለት።

በዚያው ሰሞን ኡሪ ዞሃር «ሖር ባሌቫና» የሚል ፊልም ሰራ፤ ትርጉሙ «በጨረቃ ላይ ያለ ቀዳዳ» ነው። ሁለት ሰዎች ኔጌቭ በረሃ ውስጥ ኪዮስክ ለኪዮስክ ተፋጠው ይቀመጡና ከዚያ ፊልም ለመስራት ይነሳሉ። በረሃው ላይ የፊልም ከተማ ይቆማል። ስለ አገር ምስረታ የሚሰሩትን እነዚያን የኮሩ ፊልሞች ሁሉ ያሾፍባቸዋል። አንድ ትዕይንት አለ፣ ካያችሁት አይረሳችሁም። ሁልጊዜ ክፉ ሰው ሆነው የሚጫወቱት ዓረቦች ወደ ፊልም ሰሪዎቹ መጥተው፣ አንድ ጊዜ እንኳ ደግ ሰው ሆነን እንጫወት ብለው ይለምናሉ። ዓረብ ሆናችሁ እንዴት ይሆናል ይባላሉ። እነሱም ፊልም አይደል እንዴ፣ ምን ችግር አለው ይላሉ። ሰው ይስቃል። ሳቁ ሲበርድ ግን ጥያቄው እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል፦ ውሸት መሆኑን ሁሉም በሚያውቀው ጨዋታ ውስጥ እንኳ፣ ለምን እውነተኛው ዓለም የሰጠንን ቦታ ብቻ ትሰጡናላችሁ?

አሜሪካ ውስጥ ይሄንኑ ጥያቄ ሮበርት ታውንሴንድ ጠየቀ። ፊልሙ «ሆሊውድ ሻፍል» ይባላል፣ 1987። ታውንሴንድ ጥቁር ተዋናይ ነው፤ የሚሰጡት ሚናዎች ሌባና ወሮበላ ብቻ ሲሆኑበት የራሱን ፊልም ሰራ። ገንዘብ ስላልነበረው ከፊሉን በክሬዲት ካርድ ከፈለ፤ ጠቅላላ ወጪው ወደ 100,000 ዶላር ገደማ ነው፣ ለሆሊውድ የምሳ ብር ማለት ነው። በፊልሙ ውስጥ አንድ «ትምህርት ቤት» አለ። አስተማሪዎቹ ነጮች ናቸው፤ ተማሪዎቹ ጥቁር ተዋናዮች። የሚማሩት ምንድነው? ጥቁር መሆን! እንዴት እንደሚራመዱ፣ እንዴት እንደሚናገሩ። መጀመሪያ ሳየው የተጋነነ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ እኔ ራሴ ኒጻቭ ሆኜ ሰራሁ። ኒጻቭ እንግዲህ ታውቃላችሁ፣ ከኋላ የሚያልፈው ስም የሌለው ሰው ነው። የማን ስራ እንደነበረ አልናገርም፣ ጉዳዬ እሱ አይደለም። የሱዳን መንገድ የሚያሳይ ትዕይንት ነበር። እኔ የተወለድኩት እዚሁ አሽዶድ ነው፤ በእግሬ የሄድኩት ረጅሙ መንገድ ጽባ እያለሁ ያደረግነው ማሳ ኩምታ ነው። ጫማዬን አስወልቀው ነጠላ አለበሱኝ። አጠገቤ የነበሩት ሽማግሌ ግን ያንን መንገድ በእውነት የሄዱ ሰው ናቸው። ከጎንደር ተነስተው ሱዳን የገቡ። የባማዩ ረዳት መጣና «ሳባ፣ ትንሽ ደክሞህ ተራመድ» አላቸው። ደግሞ አሳያቸው! ትከሻውን ጥሎ፣ እግሩን እየጎተተ።

ሽማግሌው ዝም ብለው አዩት። ከዚያ ወደኔ ዞረው፣ «ልጄ፣ እንደዚህ ብንሄድማ ማን ይደርስ ነበር? ሌሊት ነው የሄድነው፣ ቀን ጫካ ተደብቀን። የደከመው ሰው ደከመኝ አይልም፣ ልጆቹ ይሰሙታል» አሉኝ። ቃል በቃል ተረጎምኩለት። ልጁ ክፉ ልጅ አይደለም፣ ከልቡ ሰማ። ከዚያ «በጣም ቆንጆ ነው፣ ግን በካሜራ አይታይም» አለ።

ወገኖቼ፣ ይሄ ያለቀለት ኮሜዲ ነው። ካሜራው ብቻ ነው በተሳሳተ አቅጣጫ የቆመው። ወደ ሽማግሌው ሳይሆን ወደ ረዳቱ መዞር ነበረበት።

ይህ የአንድ ስራ ጉዳይ ብቻ ቢሆን አላነሳውም ነበር። በ2019 ኔትፍሊክስ ስለ ሞሳድና ስለ ሱዳኑ የመዝናኛ መንደር የሚያወራውን «ዘ ሬድ ሲ ዳይቪንግ ሪዞርት» አወጣ። ታሪኩ የኛ ነው። ፖስተሩ ላይ ግን ክሪስ ኢቫንስ ነው። ሰዉን የሚመራው ኢትዮጵያዊ ሰው በፈረደ አክሉም ታሪክ ላይ ተመስርቶ የተፈጠረ ነው፤ የተጫወተው አሜሪካዊው ማይክል ኬ. ዊሊያምስ ነው፣ ትልቅ ተዋናይ፣ እሱን አልነካም። ቀረጻው ናሚቢያና ደቡብ አፍሪካ ነበር። የተቀረው ሕዝብ ይራመዳል፣ ይፈራል፣ ያመሰግናል። ፊልሙ የወጣው ጁላይ 31 ነው። ከአንድ ወር በፊት፣ ጁን 30፣ ሰለሞን ተካ ኪሪያት ሃይም ላይ በፖሊስ ጥይት ሞቶ ነበር። እኛ መንገድ ላይ ነበርን። ስክሪኑ ላይ የዳንነውና መንገድ ላይ የጮህነው አንድ ሕዝብ ነን፤ የሚፈለገው ግን የመጀመሪያው ብቻ ነበር።

ታዲያ ካሜራውን ያዞረ የኛ ሰው የለም ወይ? አለ። በ2008 ሽሙኤል በሩ «ዝሩባቤል»ን ሰራ፤ በኢትዮጵያዊ እስራኤላዊ ዳይሬክተር የተሰራ የመጀመሪያው ረጅም ፊልም ተብሎ ይጠቀሳል። ውስጡ አንድ ልጅ አለ፣ ካሜራ ይዞ ሰፈሩን የሚቀርጽ። ሰፈርተኛው ምን ብሎ ይጠራዋል? ስፓይክ ሊ! ቀልዱ ትንሽ ነው፣ ግን ስለት አለው፦ ልጁ ማንም መጥቶ እስኪቀርጸው አልጠበቀም።

ዮሲ ቫሳን ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መድረክ ላይ ብቻውን የሚሰራው ትርኢት ስሙ «በአማርኛ ይበልጥ ያምራል» እንደ ማለት ነው። ከሻይ ቤን-አታር ጋር «ነብሱ»ን ፈጠረ፤ አሽኬናዚ ሚስት ስላገባ ኢትዮጵያዊ ባል የሚያወራ ሲትኮም። በ2018 ኒው ዮርክ ላይ የዓለም አቀፍ ኤሚን የኮሜዲ ሽልማት አሸነፈ። አንዳንዶቻችን ኮራን፣ አንዳንዶቻችን «በእናቶቻችን አነጋገር እየሳቁ ነው» ብለን ተናደድን። እኛ ቤትም ሁለቱም ወገን ነበረ፣ አንድ ሶፋ ላይ።

ያን ክርክር በደንብ ያስረዳኝ በ2023 የወጣው «አሜሪካን ፊክሽን» ነው። አንድ ጥቁር ደራሲ ቁም ነገር ሲጽፍ የሚያነብለት ያጣል። በንዴት፣ ለማሾፍ ብሎ፣ ነጮች ስለ ጥቁሮች መስማት የሚወዱትን ቆሻሻ ሁሉ አጭቆ አንድ መጽሐፍ ይጽፋል። እነሱ ግን ሹፈቱ አልገባቸውም፤ ወደዱት! ገንዘብ ጎረፈ፣ ፊልም እንስራው ተባለ። ወጥመዱ ይሄ ነው። ደጋሹን ልትነካ የወረወርከውን ቅኔ ደጋሹ ሰሙን ብቻ ሰምቶ ካጨበጨበ፣ የተነካው በር ላይ የቆመው ምስኪን ይሆናል። ደግሞ ፊልሙ ራሱ በ2024 የኦስካር የስክሪፕት ሽልማት ወሰደ። አያችሁ፣ ድግሱ አዝማሪውንም ይውጠዋል።

አሁን ለምን ይሄን ሁሉ እንዳወራሁ ልንገራችሁ። የሰፈራችን ልጆች በስልክ አጭር ፊልም ሊሰሩ ነው። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ አንድ የፊልም ቡድን ስለ ኢትዮጵያውያን «ልብ የሚነካ» ፊልም ለመቅረጽ ሮቫ ዩድ-አሌፍ ይመጣል። ሰፈሩን ያያል፣ በቂ ችግር ያጣል። «ትንሽ የተሰበረ ቤት የላችሁም?» ይላል። ቡና ይፈላለታል፤ «ጭሱ አነሰ» ይላል። አያቶቻችን ያሳዝናሉ ብሎ ሲጠብቅ፣ ስልክ ይዘው እየተሳሳቁ ያገኛቸዋል።

እናቴ ይሄን ሰምታ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። «በመንገድ የቀሩትስ? እነሱም ይሳቅባቸዋል?» አለች። ሱዳን ላይና በመንገዱ ወደ 4,000 የሚጠጉ ወገኖቻችን አልቀዋል፤ በየዓመቱ በዮም ይሩሻላይም ሄርጽል ተራራ ላይ እናስባቸዋለን። ጥያቄዋ ትክክል ነው። መልሴ የአዝማሪው መልስ ነው፦ በሞተው አይሳቅም፣ በሄደው አይሳቅም። የሚሳቀው ለሄደው ሰው አካሄድ በሚያስተምረው ላይ ነው። ለልጆቹም ያልኳቸው ይሄንኑ ነው። እያንዳንዱን ቀልድ ስትጽፉ «ማን ላይ ነው የወደቀው?» በሉ። ደጋሹ ላይ ከወደቀ ይቆይ። አያታችሁ ላይ ከወደቀ፣ ዓለም ቢስቅለትም ይውጣ። ደግሞ ጨርሳችሁ መጀመሪያ የምታሳዩት ለነሱ ይሁን፣ ለአያቶቻችሁ። እነሱ ከሳቁ ወርቁን አግኝታችኋል።

እናንተም አግዙን። ኦዲሽን ላይ፣ ቀረጻ ላይ፣ ማስታወቂያ ላይ የተባላችሁትን አንዲት ዓረፍተ ነገር ላኩልን፤ የማንንም ስም አትጥሩ፣ ዓረፍተ ነገሯ ብቻ ትበቃናለች። ልጆቹ ከነዚያ ውስጥ መርጠው ለፊልሙ ባማይ አፍ ያደርጓታል።

በሉ ያላ፣ እስከሚቀጥለው ሳምንት። ቤተሰቦቻችሁን ሰላም በሉልኝ። ለሂትራኦት፣ ደህና ሁኑ።