ሰፈርና መስፈሪያው
በሰበካው የኢዮቤልዩ በዓል ስለ ከተማ መታደስና ስለ ጎረቤቶች ክርክር የተነገረ ቃል



ኢዮቤልዩ የሚለው ስም በኦሪት ዘሌዋውያን የተነገረ የዐምሳኛው ዓመት ስም ነው። በዚያ ዓመት ቀንደ መለከት ይነፋ ነበር፤ ተቸግሮ ርስቱን የሸጠ ሰው ወደ ርስቱ፥ ራሱን ለባርነት የሸጠም ወደ ወገኑ ይመለስ ነበር። ይህን ያህሉን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን በዚያው ምዕራፍ ብዙ ሰው ልብ የማይለው አንድ ነገር አለ። ይኸውም ቅጥር ባለው ከተማ ውስጥ ያለ ቤት እንደ እርሻ መሬት አለመሆኑ ነው። እንዲህ ያለውን ቤት የሸጠ ሰው እስከ አንድ ዓመት ድረስ ሊቤዠው ይችላል፤ ዓመቱ ካለፈ ግን ቤቱ ለገዛው ሰው ይጸናለታል፥ በኢዮቤልዩም አይመለስም።

እንግዲህ በከተማ ነገር ሰውን የሚጠቅመው ጊዜ ዐምሳኛው ዓመት ሳይሆን የመጀመሪያው ዓመት ነው። ስለ ምን ቢሉ፥ በከተማ ውስጥ ሰው በሰው፥ ግድግዳም በግድግዳ ተደግፎ የሚኖር ስለ ሆነ፥ አንድ ጊዜ የተለወጠውን ወደ ቀድሞው መመለስ ጭንቅ ነው። በአዲስ አበባ አሮጌ ሰፈሮች እየፈረሱ አዲስ ሕንጻ በሚቆምበት፥ ጎረቤትም ከጎረቤቱ ጋራ «ይሁን» «አይሁን» እየተባባለ በሚከራከርበት በዚህ ዘመን ይህን ነገር ማሰብ ይገባል።

አስቀድሞ የስሙን ምሥጢር መመልከት መልካም ነው። ሰፈረ ቢሉ ድንኳን ተክሎ ተቀመጠ፥ ዐረፈ ማለት ነው፤ ሰፈረ ቢሉ ደግሞ እህልን በቁና ለካ ማለት ነው። የቅኔ ተማሪ ቢያገኘው መቀመጡን ሰም፥ መለካቱን ወርቅ ባደረገው ነበር። ሰዎች አንድ ቦታ ላይ ስለ ተቀመጡ ብቻ ሰፈር አይሆንም፤ አንዱ የሌላውን ልክ ሲያውቅ፥ ይህን ያህል ለእኔ፥ ይህን ያህል ለአንተ ብሎ ሲስማማ ያን ጊዜ ሰፈር ይሆናል።

አዲስ አበባ ከተቆረቆረችበት ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ ሰፈሮቿ የተወለዱት በዚህ ዓይነት ነው። መኳንንቱ በተሰጣቸው ቦታ ከነሠራዊታቸውና ከነቤተ ሰባቸው ሰፈሩ፤ ደጃች ውቤ ሰፈር፥ ራስ ካሳ ሰፈር የተባለው በየስማቸው ነው። የእጅ ጥበብ ያላቸውም የሰፈሩበት ሠራተኛ ሰፈር ተባለ። ከጌታው አዳራሽ አጠገብ የሎሌው ጎጆ፥ ከጎጆው አጠገብ የጠጅ ጣዩዋ ቤት ስለ ቆመ ባለጠጋና ድኻ በአንድ ሰፈር ተቀላቅሎ ኖረ። በብዙ አገር ከተሞች የባለጠጋው መንደር ለብቻ፥ የድኻውም ለብቻ ሆኖ ሲሠራ፥ በአዲስ አበባ ግን ሁለቱ በአንድ ምንጭ ሲቀዱ፥ በአንድ ለቅሶም ሲቀመጡ ኖሩ።

ከዚህ በኋላ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ፤ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሆነ። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ኪራዩ ጥቂት ስለ ሆነ ለድኻው መጠጊያ ሆነለት፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ከጥቂት ኪራይ ቤት የሚታደስበት ገንዘብ አልተገኘም፤ ተከራዩም ቤቱ የራሱ ስላልሆነ ቢያድሰው ድካሙ ለማን እንደሚቀር አላወቀም። ስለዚህ ጭቃው እየረገፈ፥ ቆርቆሮው እየዛገ፥ ልጅ ሲያገባ በጓሮ አንድ ክፍል እየተቀጠለ፥ ዐሥር ቤተ ሰብ በአንድ መጸዳጃ የሚጠቀምበት፥ የእሳት አደጋ መኪና የማይገባበት ጠባብ መንደር ሆነ። ይህንም መንደር «የቀድሞው ይሻላል» እያለ የሚያመሰግነው ሰው ካለ፥ በክረምት ሌሊት ከጣራው ሥር ባልዲ ደርድሮ ያላደረ ሰው መሆን አለበት።

ሰፈሮቹ መታደስ እንደሚገባቸው ማስረጃው ይህ ነው። ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የልደታ አሮጌ መንደር ተነሥቶ ኮንዶሚኒየምና የንግድ ሕንጻ ቆመበት፤ በአራት ኪሎ ባሻ ወልዴ ችሎት ተነሣ፤ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፥ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ የኮሪደር ልማት በተባለው ሥራ ፈረሱ። መንገዱ ሰፋ፥ መብራቱ በዛ፥ የእግረኛ መሄጃ ተነጠፈ። ይህን ያየ ሰው ያመሰግናል፤ የነበረውን ያጣም ያለቅሳል። ሁለቱም ጎረቤታሞች ነበሩ።

እነርሱ የሚለያዩበት ምክንያት ምን ነው ቢሉ፥ አንዱ ሥልጣኔን ስለሚወድ ሌላው ስለሚጠላ አይደለም። ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ግቢ በአሳብ ይታይ። በግቢው ፊት ካርታ ያለው አንድ ሽማግሌ ይኖራል። ከኋላው በቀበሌ ቤት እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ባልቴት አለች። ከባልቴቲቱ ቤት ጎን በተቀጠለችው ክፍል ደግሞ አንድ የቀን ሠራተኛ በደባልነት ይኖራል። ግቢው ለልማት ይነሣል የተባለ ዕለት ሦስቱ በቡና ሲቀመጡ ነገር ይነሣል።

ሽማግሌው፥ «እትዬ፥ ይህ ጣራ ስንት ክረምት አፈሰሰብን? አዲስ ሕንጻ መጣ ብለው ለምን ይከፋሉ?» ይላል።

ባልቴቲቱም፥ «ጋሼ፥ እርስዎስ ካሳና ምትክ ቦታ ያገኛሉ። እኔን ግን እንጀራዬን የሚገዛኝ ሰው የሚያልፈው በዚህ በር ነው። ቤቱስ ይሰጠኝ፤ ገዢዬን ማን ይሰጠኛል?» ትላለች።

ወጣቱም ስኒውን እያስቀመጠ፥ «ጋሼም እትዬም በመዝገብ አላችሁ። የእኔ ስም የት ተጻፈ?» ይላል።

ከሦስቱ የተሳሳተ የለም። በብዙ ቦታ እንደ ተደረገው፥ የግል ይዞታ ያለው ካሳና ምትክ ቦታ ያገኛል፤ የቀበሌ ተከራይ ወይ ቅድሚያ ክፍያ ከፍሎ ኮንዶሚኒየም ይገባል፥ ወይ ወደ ሌላ የቀበሌ ቤት ይዛወራል፤ ደባል ግን ካርታም የኪራይ ውልም ስለሌለው ዕቃውን ተሸክሞ ይወጣል። አንድ ግቢ፥ አንድ በር፥ አንድ ቦኖ የነበራቸው ሰዎች በሦስት ቁና ተሰፈሩ። ክርክሩ የሚወለደው ከዚህ ነው። ሽማግሌው ባልቴቲቱን «ልማት ትጠላለች» ቢል፥ ባልቴቲቱም ሽማግሌውን «በገንዘብ ሸጠን» ብትል፥ ሁለቱም የመስፈሪያውን መለያየት ትተው እርስ በርሳቸው ተጣሉ ማለት ነው።

አራተኛም ሰው አለ፤ እርሱም ሳይነሣ ከአጥሩ ማዶ የሚቀረው ነው። በአጠገቡ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንጻ ሲጀመር ቁፋሮው የቤቱን መሠረት ያናጋበታል፥ ግድግዳው ይሰነጠቃል፥ የጧት ፀሐይ ይከለከላል፥ የጎርፉ ውኃ መውረጃውን ስቶ ወደ ደጁ ይመጣል። ይህ ሰው «አትሥሩ» ቢል ምቀኛ ይባላል፤ ዝም ቢል ቤቱ ይወድቅበታል።

ስለ እንዲህ ያለው ሰው ሕግ ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ባለንብረት በንብረቱ ሲጠቀም በጢስ፥ በጥላሸት፥ በክፉ ሽታ፥ በጩኸትና በመንቀጥቀጥ ከመልካም ጉርብትና ልክ አልፎ ጎረቤቱን እንዳይጎዳ ያዛል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624ም መሠረት የሚቆፍር ሰው ለጎረቤቱ ንብረት እንዲጠነቀቅ ደነገገ። ሕጉ የባለንብረቱን መብት የለካው በካርታው ስፋት ብቻ ሳይሆን በጉርብትናም ጭምር መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

ስለሚነሡትም ሰዎች፥ በ2011 ዓ.ም. ስለ መሬት ይዞታ ማስለቀቅና ስለ ካሳ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ሦስት ታላላቅ ነገሮችን ደንግጎ ነበር። መጀመሪያው፥ ቦታው በአስቸኳይ የሚፈለግ ካልሆነ በቀር፥ የሚነሣው ባለይዞታ ቢያንስ ከአንድ ዓመት አስቀድሞ እንዲወያይበት ነው። ሁለተኛው፥ ባለይዞታዎች አቅም ካላቸው በፕላኑ መሠረት ለብቻም ሆነ በኅብረት ቦታቸውን ራሳቸው እንዲያለሙ ቅድሚያ መስጠቱ ነው። ሦስተኛው፥ ከአካባቢው ርቆ ለሚሄድ ሰው ስለ ማኅበራዊ ትስስሩ መቋረጥ ካሳ እንዲከፈል ማዘዙ ነው።

ይህ ሦስተኛው ነገር የሚያስደንቅ ነው። በአዋጅ ተጽፎ ጉርብትና ዋጋ አለው ተባለ። ነገር ግን ገንዘቡ የሚሰፍረው ምኑን ነው? ባልቴቲቱ ስትታመም በሌሊት በሯን የሚያንኳኳው ማን እንደ ሆነ በብር አይታወቅም። የዕድሩ ድንኳን፥ ሰሐኑና ወንበሩ ይቈጠራል፤ ድንኳኑን ለመትከል ሳይጠሩት የሚመጣው ሰው ግን አይቈጠርም። ከልደታና ከካዛንቺስ ተነሥተው ወደ ከተማው ዳር የሄዱ ሰዎች ለቅሶ በሰሙ ጊዜ በሁለት በሦስት ታክሲ ተሳፍረው ወደ ቀድሞው ዕድራቸው መመለሳቸው፥ የኮንዶሚኒየም ቁልፍ በእጅ ቢገባም ሰፈር ገና በእጅ እንዳልገባ የሚያስረዳ ነው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የሚለው ተረት እውነት ከሆነ፥ ቅርብ የነበረው ጎረቤት ሩቅ በሆነ ጊዜ ሰው ከሁለቱም ይጐድላል።

ከተማ ሲታደስ እንዲህ ያለ ጩኸት መነሣቱ አዲስ ነገር አይደለም። ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ባሠራ ጊዜ ብዙው ሰው በየቤቱ አንጻር ያለውን ቅጥር እንዲጠግን ሆነ። ሥራው ገና ሳያልቅ ግን ድኾቹ በወንድሞቻቸው ላይ ጮኹ፤ እርሻቸውና ቤታቸው በዕዳ ተይዞ ነበርና። ነህምያም ቅጥሩ ይጨረስና በኋላ ይታያል አላለም፤ ጉባኤ ሰብስቦ ባለጠጎቹን ወቀሰ፥ የያዙትንም እንዲመልሱ አስማላቸው። ቅጥሩም በ52 ቀን ተፈጸመ። ጩኸት መስማት ሥራን ያዘገያል የሚል ሰው ይህን ታሪክ ይመልከት።

እንግዲህ ጎረቤታሞች ምን ማድረግ ይገባቸዋል? አስቀድሞ ስለ ሕንጻው ሳይከራከሩ ስለ መስፈሪያው ይጠይቁ፤ በግቢው ያለው ሰው ሁሉ፥ ደባሉም ሳይቀር፥ በስም ተጽፎ ለወረዳው ይቅረብ። ደባሉ በሕግ የሚያገኘው ባይኖር እንኳ ጎረቤቶቹ ስሙን ካልጠሩለት ማንም አይጠራለትም። ሁለተኛ፥ አንዱ በጓሮ ብቻውን ተዋውሎ ሌላው በማግሥቱ ከሚሰማ፥ ዕድሩ ተሰብስቦ በግልጽ ይነጋገር። በጋራ ለመሥራት የሚችሉ ይተባበሩ፤ መነሣት ግድ ከሆነባቸውም በአንድ ሕንጻ ወይም በአንድ መንደር እንዲመደቡ በአንድ ቃል ይለምኑ፤ ተበታትኖ ከሚመጣ መቶ ማመልከቻ በአንድነት የቀረበ አንድ ማመልከቻ ይሰማልና። ሦስተኛ፥ የሚሠራው ሰው መሠረት ሳይቆፍር ፕላኑን ይዞ በጎረቤቱ ደጅ ይቁም፤ የጎረቤቱን ግድግዳ፥ የነበረውን ስንጥቅና ያልነበረውን፥ በሽማግሌ ፊት አይተው ይጻፉት። ይህን ያደረገ ሰው በኋላ ከሚመጣ የብዙ ዓመት የፍርድ ቤት ምልልስ ይድናል። የሚቀረውም ጎረቤት መከልከል የሚገባውንና መታገሥ የሚገባውን ይለይ፤ የጥቂት ወራት አቧራ ይታገሡታል፥ የመሠረት መናጋት ግን አይታገሡትም።

የሚነሡትም ሰዎች የዕድራቸውን መዝገብ አይዝጉ። በኮንዶሚኒየሞቹ መካከል ለልብስ ማጠቢያ፥ ለከብት ማረጃ፥ ለሰርግና ለለቅሶ ብለው የሠሯቸው የጋራ ቤቶች አሉ፤ ሰው ካልተሰበሰበባቸው ባዶ ግድግዳ ናቸው። አዲሱን ጎረቤት ቡና ጠርቶ ስሙን የጠየቀ ሰው፥ ያን ቀን ከፎቁ ላይ ሰፈር መሠረተ።

ወደ ተነሣንበት ነገር ስንመለስ፥ የኦሪቱ አንድ ዓመት የሚቈጠረው ቤቱ ከተሸጠ በኋላ ነበር፤ በ2011ዱ አዋጅ የተጻፈው አንድ ዓመት ግን የተቈጠረው ሰው ከቤቱ ከመነሣቱ በፊት ነበር። ከዚህ የሚሻል ጊዜ የለም። ጣራው ሳይነሣ፥ ግድግዳው ሳይፈርስ፥ ጎረቤታሞቹም ገና በአንድ ረከቦት ዙሪያ ሳሉ የሚነገር ቃል ይጠቅማል፤ መሬቱ ከተደለደለ በኋላ የሚነገረው ግን ልቅሶ ነው። የተበላሸ ሕንጻ ፈርሶ ይሠራል፤ የተበተነ ሰፈር ግን ዐምሳ ዓመት ቢጠብቁት፥ መለከትም ቢነፋ አይመለስም።

ስለዚህ የሚያዝዘውም፥ የሚሠራውም፥ ካሳ የሚቀበለውም፥ ከአጥር ማዶ የሚቀረውም አንዱን ተረት አይርሳ፤ በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም። ዛሬ ለባልቴቲቱና ለደባሉ የሚያዘው ቁና የሞላ ይሁን፤ ከተማ ገና ብዙ ጊዜ ይታደሳልና፥ ነገ በዚያው ቁና የሚሰፈረው ማን እንደ ሆነ አይታወቅም።