ማዘመን ማውረድ ብቻ አይደለም

(በቀድሞ ተመራቂዎች መገናኛ ዕለት የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ከሙያዬ አንድ ቁም ነገር እንዳካፍል ሲጠይቁኝ የመረጥኩት ሶፍትዌር የምንሠራባቸውን መሣሪያዎች ማዘመንን፣ በተለምዶ «አፕዴት» የምንለውን ነው። ሐኪሞቻችን «ይሄ እኛን አይመለከተንም» እንዳትሉ አደራ፤ ነገሩ እናንተም ዘንድ ይደርሳል።

ዛሬ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ሁሉን ከባዶ አይጀምርም። ቤት የሚሠራ ሰው ቆርቆሮና ምስማር ከገበያ እንደሚገዛ ሁሉ፣ እሱም ሌሎች የሠሯቸውን ክፍሎች አምጥቶ ይገጣጥማል። አንድሮይድ ስቱዲዮ ውስጥ «ኤስዲኬ ማኔጀር» የሚባለውን ሲከፍት የትኛው ክፍል እንደተጫነ፣ ለየትኛው አዲስ እትም እንደወጣ ተዘርዝሮ ያገኘዋል። ኤክሊፕስም ቪዥዋል ስቱዲዮም ተመሳሳይ ነገር አላቸው። የሚፈልገው ላይ ምልክት አድርጎ መጫን ነው። ቀላል ነው፤ ኢንተርኔት ካለ።

ችግሩ እዚያች «ካለ» ላይ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ጎንደርም ሆነ ደባርቅ ያለ ተማሪ በስልኩ መስመር ምንም ማውረድ አይችልም ነበር። በደኅናው ጊዜም ቢሆን፣ አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ ያንኑ ብዙ ጊጋባይት የሚሆን ፋይል ለየራሱ ሲያወርድ መስመሩ ይጨናነቃል። መብራት ከጠፋማ እንደገና «ሀ» ብሎ መጀመር ሊመጣ ነው። ተማሪው «ባለኝ ልሥራ» ቢል አይፈረድበትም።

ሆኖም አሮጌ ክፍል ዋጋ ያስከፍላል። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. «ሎግ ፎር ጄ» በሚባል የጃቫ ክፍል ላይ ከባድ ቀዳዳ መኖሩ ይፋ ሆነ። ክፍሉ ሥራው መዝገብ መያዝ ብቻ ነው፤ ግን በዚያ ቀዳዳ ከሩቅ ያለ ሰው አንድ መስመር ጽሑፍ ልኮ የሌላውን ሰርቨር ማዘዝ ይችል ነበር። 2.15.0 የተባለው ማስተካከያ ወጣ፤ አልበቃም፤ በዚያው ወር 2.16.0 እና 2.17.0 ተከተሉ። የአገራችን ጤና ተቋማት ሪፖርት የሚያደርጉበት ዲኤችአይኤስ2 ደግሞ በጃቫ የተሠራ ነው። ሐኪሞቻችን፣ ይደርሳችኋል ያልኩት ለዚህ ነው።

ታዲያ የወጣውን ሁሉ ወዲያው እንጫን? እሱም አይደለም። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. «ኤክስዜድ» የተባለ በብዙ የሊኑክስ ሥርዓቶች ውስጥ ያለ ክፍል ተመርዞ ተገኘ። የተመረዙት አዲሶቹ 5.6.0 እና 5.6.1 ነበሩ፤ አሮጌው ደኅና ነበር። ነገሩን የደረሰበት አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ነው፤ መነሻው ወደ ማሽኑ ሲገባ ያስተዋላት የግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየት ነበረች።

እንግዲህ መላው ምንድን ነው? እኔ የምለው፣ ከግቢያችን ታሪክ እንማር። ይህ ተቋም በ1947 ዓ.ም. ሲመሠረት የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ የሚልክ ነበር። የጤና ጣቢያ የመድኃኒት መጋዘን ያለው ሰው ምን ያደርጋል? በቢን ካርድ ያለውን ይመዘግባል፤ ከታወቀ ምንጭ ይረከባል፤ ጊዜው ያለፈበትን ያስወግዳል። የእኛም ሥራ ይኸው ነው። አንደኛ፣ ፕሮጀክታችን የትኞቹን ክፍሎች፣ በየትኛው እትም እንደሚጠቀም እንጻፍ። ሁለተኛ፣ ከባለቤቱ ምንጭ እናውርድ፤ ባለቤቱ ካወጣው የማረጋገጫ ቁጥር ጋርም እናመሳክር። ሦስተኛ፣ አዲሱን በቅጂ ላይ እንሞክር፤ እስኪረጋገጥ ድረስ የቀድሞውን አንጣል።

ይህን በጋራ ማድረግ ይቻላል። ግቢ ውስጥ አንድ ሰርቨር ይቀመጥ፤ መስመሩ ቀለል በሚልበት ሌሊት ያውርድ። ቪዥዋል ስቱዲዮ ሙሉ የመጫኛ ፎልደር አስቀድሞ ማዘጋጀት ያስችላል። የፓይተኑ «ፒፕ» ክፍሎቹን ሰብስቦ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይጭናል። ለጃቫም አንዱ ተማሪ የጠየቀውን አስቀርቶ ለሚቀጥለው የሚሰጥ «ኔክሰስ» የሚባል ማከማቻ አለ። ዳባትና ደባርቅ ላለው ደግሞ በፍላሽ ይሂድለት።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ማከማቻው ባለቤት ከሌለው፣ በዓመቱ የአሮጌ ቀዳዳ ማከፋፈያ ይሆናል። በየሳምንቱ አዲስ የወጣውን የሚያይ፣ የሚሞክር፣ የተበላሸውን የሚያነሳ ሰው በስሙ ኃላፊነቱን መያዝ አለበት። ከዲስኩ ይልቅ የሚከብደው ይሄ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። መምህራን፣ የመመረቂያ ፕሮጀክት ስትቀበሉ የክፍሎቹን ዝርዝር ከነእትማቸው ጠይቁ፤ ያለ እሱ አትረከቡ። እኛ ተመራቂዎች ደግሞ ዲስክ ያለን ዲስክ፣ ጊዜ ያለን በሳምንት ሁለት ሰዓት እንስጥ። ውጭ አገር ያላችሁም ፈጣን መስመራችሁን አትንፈጉን።