ከሱሉልታ እስከ ደብረ ማርቆስ፦ አንድ ቀን በመንገድ

(በዓመታዊው የምሩቃን መገናኛ ላይ የቀረበ ንግግር)



ኮሚቴው «ስለ መንገድ አንድ ነገር ተናገር» ሲለኝ ስለ አስፋልት ውፍረት የማወራ የመሰላችሁ ካላችሁ አይዟችሁ፤ ምሳው ሳይቀዘቅዝ እጨርሳለሁ።

ከመካከላችን ዛሬ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ የሚኖረው ብዙ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሦስቱም በሸገር ከተማ ሥር ሆነዋል። ለመንገደኛ ግን አሁንም በሮች ናቸው፤ በሰበታ የጅማ፣ በቡራዩ የአምቦ፣ በሱሉልታ የጎጃም መንገድ ይወጣል። እኔ ሱሉልታ ነኝ፤ እህቴ ሰበታ፣ ታናሽ ወንድሜ ቡራዩ። ልጆቼ የባሕር ዳር አውቶቡስ በደጃቸው ሲያልፍ እያዩ ነው ያደጉት፤ ከጫንጮ አልፈው ግን አያውቁም ነበር።

በ2011 ዓ.ም. ጥር ላይ ሦስታችንም ቤተሰባችንን ይዘን፣ በድንኳን እያደርን ባሕር ዳር ለመሄድ ተነሣን። ድንኳን መትከሉን ቀደም ብለን ሰበታ አቅራቢያ ባለው በመናገሻ ሱባ ደን ተለማምደነዋል። (ጅብ ሲጮኽ እህቴ መኪና ውስጥ ገብታ አደረች። እንዳልናገርባት ለምናኝ ነበር።)

የጉዞው ምክንያት አባታችን ናቸው። በዚያ መንገድ ለብዙ ዓመታት ኤንትሬ የነዱ ሾፌር ናቸው። ዓይናቸውን ግላኮማ ይዟቸው፣ ሐኪሙ የቀረውን ለማቆየት እንጂ የጠፋውን መመለስ እንደማይቻል ነግሮናል። «ዓባይን አንዴ ልየው» አሉን። በቃ፣ ከዚያ በኋላ ሥራ በዛብኝ የሚል ሰው ጠፋ።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ በሁለት መኪና ወጣን። የሱሉልታ ሜዳ በውርጭ ነጭ ሆኗል። ሙከ ጡሪንና ደብረ ጽጌን ሳንቆም አልፈን፣ ወደ ደብረ ሊባኖስ በሚያስገባው መንገድ አጠገብ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ በዳቦና በፔርሙዝ ሻይ ቁርስ በላን። ጭላዳዎቹ ሣራቸውን እየነጩ ዞር ብለውም አላዩን። ከዚያ ፍቼ፣ ገርበ ጉራቻ፣ ጎሃ ጽዮን።

ጎሃ ጽዮን ላይ አባቴ «አቁም» አሉ። ወርደው ጎማዎቹን በመዳፋቸው ዳሰሱና «ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ። ሁለተኛ አግባ፤ እግርህን ከፍሬን አንሣ» አሉኝ። ዲግሪዬን ይዤ እሺ አልኩ።

ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው። ከ2,400 ሜትር በላይ ካለ ደጋ 1,000 ሜትር አካባቢ ወዳለ ቆላ ይወረድና እንደገና ይወጣል። እናንተ ደግሞ ጂኦሎጂ ክፍል ውስጥ የተኛችሁበት ሁሉ እዚያ በግልጽ ተደርድሯል፤ ከላይ ባዛልት፣ ቀጥሎ የኖራ ድንጋይ፣ ከሥሩ ጂፕሰም፣ ወንዙ አጠገብ የአሸዋ ድንጋይ። ቁልቁለቱ መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ በየቦታው እንደ ነጠላ ተጨማዷል። ልጆቹ ሹራባቸውን አንድ በአንድ አወለቁ። አንዱ አስመለሰ። አባቴ ንብርብሩን አላዩም፤ በሞተሩ ድምፅና በሙቀቱ ብቻ «አሁን ግማሽ ደርሰናል» ይሉ ነበር፤ ትክክል ነበሩ።

ፍሬኑ የጋለ አይሱዙ ጎማው ሥር ድንጋይ ተደርጎለት ቆሟል። አስቁመውኝ ለሾፌሩና ለረዳቱ አንድ ጄሪካን ውኃ አሰጡ። «ፍሬኑ ላይ እንዳታፈሱት፤ ጠጡት!»

የሕዳሴ ድልድይ 303 ሜትር ነው፤ በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ተከፈተ። አሮጌው ድልድይ፣ የአባቴ ድልድይ፣ አጠገቡ ቆሟል። መቆምም ፎቶ ማንሳትም ክልክል ነው። ስለዚህ በሰው እርምጃ ያህል ነዳሁ። አባቴ መስታወቱን አውርደው «ውኃው የቱ ጋ ነው?» አሉ። ትንሿ ልጄ ከኋላ ተነሥታ ጉንጫቸውን በሁለት እጇ ይዛ አዞረችላቸው። ከኋላችን የነበረው አውቶቡስ ጥሩምባ አልነፋም፤ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

«አየሁት» አሉ። እውነት አይተውት እንደሆነ ማናችንም አልጠየቅንም።

ደጀን ላይ ጥብስ በላን። ወንድሜ በዚያው ቀን ባሕር ዳር እንግባ ብሎ ተከራከረ፤ አባቴ «በጨለማ መንገዱ የከብት ነው» ብለው ዘጉት። 10 ሰዓት ላይ ደብረ ማርቆስ ገባን። ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ለእኛ ግን ሙሉ ቀን ሆነ። አንድ የአባቴ የድሮ ወዳጅ ግቢ ውስጥ ድንኳን ስንተክል የቤቱ እመቤት ወጥተው «ምነው ልጆቼ፣ ቤት እያለ ሜዳ ላይ? ምን በደልኳችሁ?» አሉ። ሽርሽር ነው ብንል ማን ይስማን! ልጆቹ ብቻ ድንኳን ውስጥ አደሩ፤ እኛ በግድ አልጋ ላይ ተኛን።

አባቴ አሁን ጨርሰው አያዩም። መንገዱም ዛሬ እንደ ልብ የሚኬድበት አይደለም። አራቱ ድንኳኖች ሱሉልታ፣ ዕቃ ቤት ውስጥ ተቀምጠዋል። ከቤተሰቡ ጋር ሱባ ማደር የሚፈልግ ካለ መጥቶ ይውሰድ፤ የአንዱ ዚፕ ግን ተበላሽቷል።