ለካኮ ልጆች የበራ ፉርጎ



ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በተወለድሁባት በደቡብ ኦሞ ካኮ ግን ሐዲድ የለም፤ ልጁ ባቡር ለማየት ሩቅ መሄድ አለበት። ስለዚህ ይህን የካርቶን ፉርጎ ሠራሁ።

ሁለት የባትሪ ድንጋዮች ተከታትለው ሲቀጠሉ 3 ቮልት ይሰጣሉ። ለቢጫ ኤል.ኢ.ዲ. አምፖል 2 ቮልት ያህል ይበቃዋል። የቀረው 1 ቮልት መገቻ ይሻል፤ ይህን ስለዘነጋሁ የመጀመሪያው አምፖሌ ተቃጠለ። 1 ቮልትን ለ0.01 አምፔር ብናካፍል 100 ኦም ይሆናል፤ እንግዲህ ለየአምፖሉ አንድ ባለ100 ኦም ሬዚስተር እናስገባ። አምፖሎቹ ጎን ለጎን ከተቀጠሉ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይበራል።

የኦምን ሕግ ሸምድደን ፈተና አልፈንበታል። ለክረምት ወደየአገራችን ስንገባ ግን አንዳንድ ፉርጎ ይዘን እንግባ፤ ሽቦውንም ልጆቹ ራሳቸው ይቀጥሉት።