መጽሐፍ ይበላል ወይ?
(በጉኑኖ በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ኮሚቴው ያቀረበው ንግግር)

የቁጠባና የብድር ሒሳቡን ሰምታችኋል። ቀጥሎ ያለው ጉዳይ ይህ ነው፦ ከዘንድሮው ትርፍ ጥቂት ቀንሰን የዚህን ክፍል አንዱን ጥግ የመጻሕፍት ቦታ እናድርገው ወይስ ይቅር? በኮሚቴው ውስጥ ሁለት ሐሳብ ስለነበረ ሁለቱንም ሳንደብቅ እንነግራችኋለን።

«መጽሐፍ ይበላል ወይ? ዘር እንግዛበት» ያሉ አሉ። እውነት አላቸው። በልግ ሲዘገይ በየጓዳችን ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ የዘሩ ገንዘብ አይነካም፤ የምንጠይቀው ከትርፉ ብቻ ነው።

ለምን እንጠይቃለን? በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር መጀመሪያ ከተመረጡት አምስት ቋንቋዎች አንዱ ወላይትኛ ነበር። ከመካከላችን በዕድሜ የገፉት እናቶች ፊደል የቆጠሩት ያኔ ነው። ያን ጊዜ ወላይትኛ የሚጻፈው በሳባ ፊደል ነበር። በኋላ ትምህርት ቤቶች ወደ ላቲን ፊደል ተሻገሩ። እናም ዛሬ አያት የልጅ ልጇን የወላይትኛ መጽሐፍ ብትገልጥ አታነበውም። ቋንቋው የራሷ ነው፤ ፊደሉ እንግዳ ሆነባት። ልጁ ግን ሁለቱንም ፊደል ይማራል። አጠገቧ ተቀምጦ የሚያነብበት ቦታ ቢኖር እሷም ታነብ ነበር።

መጽሐፍ ትንሽ ነገር አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የአራት ሕዝቦችን ቋንቋ ቀላቅሎ የተዘጋጀ የመማሪያ መጽሐፍ ሲመጣ የወላይታ ሕዝብ አልቀበልም አለ። ሶዶ ላይ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ መጽሐፉም ቀረ። ሕዝብ ያን ያህል ዋጋ የከፈለበትን ቋንቋ ማታ ማታ ካላነበብነው ምን ጠቀመን?

ሌላም አለ። በ1970ዎቹ እዚሁ ጉኑኖ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተቋቁሞ ነበር። ዝናቡ ከእኛ ማሳ ምን ያህል አፈር እንደሚጠርግ ተለክቷል። ጥናቱ በእንግሊዝኛ ተጽፎ በሩቅ አገር ይነበባል። አፈሩ የእኛ ሆኖ ሳለ ከዚህ ከተሰበሰብነው አንዳችንም ገጹን አላየነውም። የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በደጃችን አለ። መምህራኑንና ተማሪዎቹን በወር አንድ ጊዜ መጥታችሁ እንዲህ ያለውን ጥናት በወላይትኛ አንብቡልን ብለን በደብዳቤ እንጠይቃለን። ያን ጊዜ ዘር ይበልጣል ያሉት እናቶችም መልስ ያገኛሉ፤ አፈሩ ከተጠረገ ዘሩስ የት ይበቅላል?

መጽሐፍ ለመግዛት ሶዶ ወርደን ነበር። በገባንበት ሱቅ ያገኘነው በብዛት የተማሪ መርጃ ነው። ለእናት የሚሆን ስንጠይቅ ሻጩ ግራ ተጋባ። አልፈረድንበትም፤ ጠይቆት የሚያውቅ የለምና።

ትልቅ ሕንፃም አንጠብቅ። አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ሐዋሳ ላይ መጻሕፍትን አህያ በሚጎትተው ጋሪ ጭነው ለልጆች አድርሰዋል። እኛ ጋሪም አያስፈልገንም፤ ክፍሉ አለን።

ሐሳባችን ይህ ነው። አንድ መደርደሪያ እናሠራለን። በገበያ ቀን ይከፈታል፤ ሁለት ሁለት አባላት በተራ ይጠብቃሉ። መጽሐፍ የወሰደች እንደ ብድሩ በመዝገብ ትፈርማለች። ደብተርና እስክሪብቶ እየሸጥን ትርፉን ለአዲስ መጽሐፍ እናውላለን። በዓመቱ መጨረሻ ሒሳቡ በፊታችሁ ይነበባል፤ ካልጠቀመ መደርደሪያው ተሽጦ ገንዘቡ ወደ ካዝናው ይመለሳል።

አሁን ቡናው እስኪደርስ ተነጋገሩበት። የምትቃወም እናት ሳትፈራ ትናገር። ከዚያ እጅ እናወጣለን።